ጣሪያ ስር አላድርም
«እዚህም አይሆንም» ትላለች እናቴ፣ ድንኳኑን ከትከሻዬ ሳላወርድ።

ዛሬ ሥራዋ አይሆንም ማለት ሆኗል። ግሸን ላይ ለበዓሉ የወጣው ሰው እግር ማሳረፊያ አሳጥቷል ሲሉን፣ ከአውቶቡስ እንደወረድን ከተራራው ግርጌ ማደሪያ ፍለጋ እንዞራለን። እዚህ ጭቃ፣ እዚያ የሰው ጤፍ። ክረምቱ ወጣ ቢባልም ዝናቡ የሰማ አይመስልም፤ አምባሰል ላይ ደመናው ጠቁሯል።

ቤት አጥተን አይደለም። ያየን ገበሬ ሁሉ «ግቡ» ይለናል። እናቴ ግን አምና እኔ ሆስፒታል ራሴን ስቼ ተኝቼ ሳለ ተስላለች፦ «እመብርሃን፣ ልጄን ማሪልኝ፤ ከቤቴ ወጥቼ ግሸን ደጅሽ እስክደርስ ጣሪያ ስር አላድርም።» እኔ ዳንኩ። እሷ ትናንት መንገድ ላይ፣ አንድ ሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ ተኝታ ስታስል አነጋች።

«ድንኳን እኮ ጣሪያ አይደለም፣ እማ!»

«ከላዬ ከተወጠረ ጣሪያ ነው።»

«ማርያም ይኼን ያህል አትቆጣጠርም።»

«አንቺን ግማሽ አድርጋ ነው የሰጠችኝ?»

ንድድ ይለኛል። የተሳለችው ለእኔ፣ የምትታመመውም ለእኔ። ማን ለምኗት!

ፈዲላ የምትባል ሴት ከቤቷ ደጅ ቆማ ጭቅጭቃችንን ትሰማለች። ስለቱን ስንነግራት እንደሌሎቹ ግቡ አትለንም።

«ታዲያ የኔ ደጅ ምን ሆነ?» ትላለች፣ ሳሩን እያሳየችን።

እናቴ እዚያው ጋደም ትላለች። እኔ በእልህ ድንኳኔን ለብቻዬ ተክዬ እገባለሁ። ፈዲላ መግሪብ ሰግዳ ስትመለስ ሰሌንና ጋቢ ተሸክማለች። ከእናቴ አጠገብ ታነጥፋለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?» ትላለች እናቴ።

«እንግዳዬ ደጅ አድራ እኔ ቤት ልተኛ? ወላሂ አላደርገውም!»

«ሊዘንብ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«ይዝነባ! አብሽሪ፣ እናቴ።»

ድንኳኔ ውስጥ ሆኜ አፍራለሁ። ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር እናቴን ሳል ያጣድፋታል። ፈዲላ ብድግ ብላ ትመጣና «ውጪ እስቲ» ትለኛለች። ዘንጎቹን አንድ በአንድ ትመዛለች፤ ሸራው መሬት ላይ ሙሽሽ ይላል። ጎትታ ወስዳ እናቴን ታለብሳታለች።

«ምነው ልጄ፣ ስለቴን ነገርኩሽ እኮ!»

«የቱ ጣሪያ ነው? ምሰሶ የለው፣ ማገር የለው። ይኼ ብርድ ልብስ ነው።»

እናቴ ሸራውን በጣቶቿ ትዳብሳለች። እኔ እየበሰበስኩ አፏን አያለሁ። በመጨረሻ ጫፉን ገለጥ ታደርጋለች።

«ምን ይገትርሻል? ነይ ግቢ።»

ሦስታችንም ተጠጋግተን እንተኛለን። ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል። የእናቴ እጅ በጨለማው ፊቴን ይፈልግና ግንባሬ ላይ ያርፋል፤ ሆስፒታል ታደርገው እንደነበረው ትኩሳቴን ታያለች። ትኩሳት የለኝም። እጇን ግን አታነሳውም።