የጢማሙ እንሽላሊት ቀለብ

«አባዬ፣ ፌንጣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቅጠል በየቀኑ» አለች ልጃቸው፣ ከባሕር ማዶ ወደመጣው ጢማም እንሽላሊት እያመለከተች። «አድጓል፤ ካበዛህለት ይታመማል። አፍጥጦ ቢለምንህም እንዳትሰማው።»

«ከመስታወት ሳጥኑ ወጥቶ ጥቂት ቢንሸራሸርስ?»

«ይጠፋል! ክዳኑ ተዘግቶ ይዋል።»

እንደ ወትሮዋ በሩን ከውጭ ቆልፋባቸው ወደ ሥራዋ ሄደች። አዛውንቱና እንሽላሊቱ ተፋጠጡ።

በምሳ ሰዓት ጎረቤታቸው የሻረግ በተሰጣት ቁልፍ ከፍታ ገባችና ጎመን አቀረበችላቸው።

«ሥጋውስ፣ ልጄ?» አሉ ጢማቸውን እየዳበሱ።

«በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ተብያለሁ፣ አባባ። ‹ቢለምኑሽም እንዳትሰሚ› ብላኛለች።»

«እንግዲያስ እስከ ደጅ ልውጣ።»

«‹ይጠፋሉ› ብላለች።»

የሻረግ ወጣች፤ ቁልፉም ዳግመኛ ተሽከረከረ። አዛውንቱ ጎመኑን ሳይነኩ ተነሡና የሳጥኑን ክዳን ከፈቱ።