በሶ ተብሎ የተላከው ሀብል

ምልኬሳ ከረጢቱን ከጠረጴዛው ሥር ስቦ አውጥቶ ፊቷ ሲያስቀምጥላት፣ ሙሉዬ ገና ሳትነካው አወቀች። ይሄ የእሷ አይደለም። ታናሽ እህቷ ዘርፉ አፉን በቀይ ክር ሰፍቼዋለሁ ብላታለች። ይሄ ነጭ ነው፣ አዲስ ነው፣ አፉም በሲባጎ ነው የታሰረው።

«የኔ ሌላ ነው፣ ልጄ። ከሁሩታ የተላከ በሶ።»

«እሱው ነው፣ እናቴ። መጀመሪያ ቁጭ ይበሉማ።»

ወንበር ሳበላት። ምልኬሳ ጨዋ ሰው ነው። አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ዕቃ መላኪያ ከከፈተ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ስሙ እንዳይበላሽበት የማያደርገው ነገር የለም።

«ማክሰኞ ዕለት መኪናችን ደራን አለፍ እንዳለ ዝናብ ጣለበት፤ ሸራው ተገልጦ የእርስዎ ዕቃ በስብሶ ገባ። በሶው ሊጥ ሆኗል። እኔ ደግሞ ለእናት ሊጥ አላስረክብም ብዬ ትናንት ደራ ሰው ልኬ አዲስ አስገዛሁልዎ። ሦስት ኪሎ ነበር፤ አራት አድርጌዋለሁ።»

«አሮጌውስ?»

«የከብት መኖ የጫነ አይሱዙ እዚህ ደጃፍ ቆሞ ነበር። ከሚደፋ ከብት ይብላው ብዬ ከነከረጢቱ ወረወርንለት።»

«የማን መኪና ነው?»

«ማን ያውቀዋል፣ መንገደኛ ነው። ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ወደ ወንጂ ይሁን ወደ ሞጆ እንጃ።» ፈገግ አለ። «ምነው፣ ከረጢቱን ፈልገውት ነበር?»

በዚያ በሶ መሃል፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የቢሊሴ የወርቅ ሀብል ነበር።

ቢሊሴ አንድ ልጇ ነበረች። ዱከም ፋብሪካ ስትሠራ ከደመወዟ እየቆጠበች የገዛችው ሀብል ነው። ሚኒባሱ የተገለበጠ ቀን አንገቷ ላይ ነበር፤ ሆስፒታሉ ለእናትየው በፖስታ አድርጎ የሰጣት እሱን ነው። ከለቅሶው በኋላ ሙሉዬ ሀብሉን ጉንጯ ሥር አድርጋ መተኛት ጀመረች፣ ምግብም አልበላም አለች። ያኔ ዘርፉ «በዚህ ዓይነት አትተርፊም» ብላ ወስዳ ሁሩታ ቤቷ ቆለፈችበት። ሁለት ዓመት ሆነው። በዚህ ወር ነው ሙሉዬ «አሁን እችለዋለሁ፣ መልሺልኝ» ያለቻት።

ዘርፉ ጉልበቷ አላስኬድ ብሏት እንጂ ራሷ ይዛው በመጣች። እሱ ቢቀር እንኳ በደንብ አስባበት ነበር። «እትዬ፣ ወርቅ ነው ብዬ ላስጽፍና ኢንሹራንስ ልግባለት። በሣጥን አሽገው፣ አስፈርመው ነው የሚያስረክቡት» ብላ ደውላለች። እምቢ ያለችው ሙሉዬ ናት።

«አብደሻል እንዴ? ወርቅ ብሎ ማስጻፍ ሌባን በስሙ መጥራት ነው። በሶ ውስጥ ክተቺው። በሶ ማን ይሰርቃል?»

እውነቷን ነው፤ ማንም አልሰረቀውም። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ በሙሉዬ ላይ የደረሰው ግን ያልፈራችው ነው። ሌባውን ስትጠብቅ ደግ ሰው ቀደማት።

ምልኬሳ ቅጹን ወደ እሷ አዞረ። የዕቃው ዓይነት፣ በሶ። ዝቅ ብሎ፣ ወርቅ፣ ጌጣጌጥና ገንዘብ የለበትም። ከሥሩ የዘርፉ ፊርማ አለ፤ ቅርጹ እንደ ተማሪ ልጅ ጽሑፍ ነው። ሙሉዬ ፊርማውን አየችው፣ አየችው። ማልቀስ ነበረባት፤ እንባው ግን የለም። ቢሊሴን ከቀበረች ወዲህ እንዲህ ነው የሆነችው። እሳት ቢያቃጥላት እንኳ ቆይቶ ነው የሚሰማት።

«ልጄ፣ ውስጡ እኮ...»

«ውስጡ ምን፣ እናቴ?»

ቀና ብላ አየችው። የሠራው ሥራ ደስ ብሎት ቆሟል። ብትነግረው ያ ፊት ምን እንደሚሆን ታያት። ነግራውስ ምን ይመጣል? በሶው እስካሁን ከፉርሽካ ተለውሶ ለስንት በሬ ተበትኗል። ደግሞም ወረቀቱ የለበትም ይላል፤ ማን ያምናታል?

«ውስጡ ጥሩ ነው ወይ ልልህ ነው» አለች።

«ራስዎ ይዩታ።» ሲባጎውን ፈታላት።

ሙሉዬ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። እንደሌለ ታውቃለች። እጇ ግን አላመነም፤ ታች ወርዶ አራቱንም ማዕዘን ዳሰሰ፣ ደገመ። ምልኬሳ በትዕግሥት ጠበቃት። ለበሶ እንዲህ የምትጠነቀቅ ሴት አይቶ አያውቅም።

«እንዴት ነው?»

«በደንብ ተቆልቷል። ጌታ ይባርክህ።»

«አሜን፣ እናቴ። እንግዲህ እዚችጋ ይፈርሙልኝ፤ ዕቃዬን ተረክቤአለሁ፣ ቅሬታ የለኝም ነው የሚለው።»

ፈረመች። እስክሪብቶውን ሳትመልስለት ስልኳ ጮኸ። ዘርፉ ናት።

«እትዬ፣ ደረሰልሽ?»

«ደረሰ።»

«ተመስገን። ከማክሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም እኮ። ምን ነካኝ፣ ባትሰማኝም ኢንሹራንሱን በገባሁለት ኖሮ እያልኩ ሳር ቅጠሉን ስለምን ነበር። አንድ ነገር ቢሆን እኔ በሕይወት አልኖርም።» ድምፅዋ ተቆረጠ፤ እያለቀሰች ነው። «አሁን የት ነው? አጠለቅሽው?»

የሙሉዬ እጅ ወደ አንገቷ ሄደ። በሶው ከላቧ ጋር ተጣበቀ።

«አንገቴ ላይ ነው» አለች።