ገንዳው ለውሻው ነው

«አባዬ፣ ይሄ ጉድጓድ ዛሬ ይደፈናል! አለቀ!»

ልጅየው አፈር የጫነ መኪና በር ላይ አስቁሞ ነው እንደዚህ እያለ የገባው...

ሹፌሩ ከውጪ ክላክሱን ያስጮሃል። ልጅየው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ጓሮውን ይዞራል።

እኔ ገንዳውን የሰራሁት ግንበኛ ነኝ። ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ስለነበር ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ።

አባትየው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አያውቁም። ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገንዳው ዳር ይንጎራደዳሉ።

«ለማን ነው ቆይ ይሄ ሁሉ?» አለ ልጅየው።

«ለጎረምሳው ነዋ!»

ጎረምሳው ውሻቸው ነው። ስሙ ብቻ ቀረለት እንጂ ጉርምስናውስ ካለፈ ቆይቷል... የኋላ እግሩን ይጎትታል። «ውሃ ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ይሻለዋል ተብሏል» ይላሉ አባትየው።

«እማዬ ከወንበር አልነሳ ብላ አንተ ለውሻ መዋኛ ትሰራለህ?! ሰፈሩ በሙሉ እየሳቀብን እኮ ነው!»

«ይሳቅ። ሳቅ ለጤና ጥሩ ነው።»

እውነቱን ለመናገር እኔም በሆዴ ከልጅየው ጋር ነበርኩ...

እናትየው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራተው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ስብራቱ ድኗል። ፈጣሪ ይመስገን።

ግን ፍርሃቱ አልዳነም።

ሐኪሙ «አሁን መራመድ ካልጀመሩ እግርዎ ጨርሶ ይከዳዎታል» ብሏቸዋል። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች! «ተዉኝ፣ ለኔ አትልፉ፣ እኔ እንደሆንኩ በቅቶኛል» ነው መልሳቸው።

ልጅየው የሚያለማምድ ባለሙያ ቢያመጣላቸው ባለሙያውን ስለ ልጆቹ ሲጠይቁት፣ ሲያጫውቱት ውለው መርቀው ሸኙት። ከወንበሩ ንቅንቅ ሳይሉ!

ጎረምሳው የሳቸው ውሻ ነው። ከወንበራቸው ስር አይጠፋም።

አባትየው ልጃቸውን ክንዱን ያዙት።

«አንዴ ይዋኝልኝ። ከዚያ በኋላ ብትፈልግ እኔንም ጨምረህ ድፈነው።»

ልጅየው በሩን ከፈት አድርጎ ሹፌሩን «ትንሽ ጠብቀኝ» አለው።

አባትየው ሚስታቸውን ከነባለጎማ ወንበራቸው እየገፉ ደረጃው አጠገብ አመጧቸው።

«እኔን ደግሞ ለምንድነው የምታንከራትተኝ?» አሉ እናትየው።

«አንቺን ካላየ አይገባማ።»

«ዕድሜ ልኩን ውሃ ሲፈራ የኖረ ውሻ ዛሬ ይዋኛል? አንተ ሰውዬ ምን ነካህ?»

አባትየው ውሻውን ይዘው ገቡ። ውሃው ወገባቸው ድረስ ነው። ጎረምሳው ደረጃው ላይ እየተንቀጠቀጠ ወደ እናትየው እያየ ያለቅሳል... አንድ እግር ያስገባል፣ ያወጣል... ይሽከረከራል...

ከዚያ የኋላ እግሩ አዳለጠው!

ጭልጥ ብሎ ወደ መሃል ገባ። ውሃውን በፊት እግሩ ይደበድባል፣ አፍንጫው ብቻ ነው የሚታየው።

«ያዘው! ያዘው እንጂ!» ጮሁ እናትየው።

«እጄ አልደረሰም!» አሉ አባትየው።

ወገኖቼ... እጃቸው ውሻውን ሊነካ አንድ ስንዝር አልቀረውም!

ልጅየው ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሊዘል ሲል አባትየው አፈጠጡበት። እንደዚያ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም። ልጅየው ባለበት ደረቀ።

የአባትየው ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ምን እያሉ እንደሆነ ገባኝ። ሰው ሌላ ምንም ሲያጣ የሚያደርገውን ነው... እየጸለዩ ነበር። እኔም ያለ ምክንያት አብሬያቸው ጀመርኩ።

«ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ!»

እናትየው ተነሱ።

ተነሱ ስላችሁ! ደረጃው ዳር ያለውን ብረት ጨብጠው፣ ከነቀሚሳቸው፣ አንድ ደረጃ... ሁለት... ውሃው ወገባቸው ሲደርስ ውሻውን ጎትተው ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

«አይዞህ የኔ ጌታ፣ አይዞህ... ይሄ ጨካኝ ሊገድልህ!»

ባላቸውን ሊሳደቡ ዞር ሲሉ ነው የት እንደቆሙ ያዩት።

ቀና ብለው ባዶውን ወንበር አዩ... ዝቅ ብለው ውሃውን አዩ።

«ቆሜያለሁ እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔ ምን አውቄ» አሉ አባትየው ፊታቸውን በእርጥብ እጃቸው እየጠረጉ። «ለውሻው ነው የሰራሁት።»

ያኔ ነው የገባኝ። ደረጃው ዳር ሁለት ብረት ትከል ሲሉኝ «አባባ፣ ውሻ እኮ ብረት ይዞ አይወርድም» ብዬ ስቄባቸው ነበር። «ዝም ብለህ ትከል» ነበር መልሳቸው።

ለካስ ሐኪሙ ለእናትየው «ውሃ ውስጥ ይለማመዱ» ብሏቸው ኖሯል። እሳቸው ደግሞ «በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት ልንቦጫረቅ?» ብለው ወሬውን ዘግተውታል።

ልጅየው እንባው እየወረደ «ለምን አልነገርከኝም አባዬ?» አለ።

«ላንተ? አንተ ሰምተህ እናትህ ሳትሰማ የቀረ ነገር አለ? ላንቺ ነው ብላት ደግሞ ውሃው ማንም ሳይገባበት ቆሞ አረንጓዴ ይሆን ነበር። እናትህን አርባ ዓመት አውቃታለሁ። ለራሷ ብላ ቅንጣት ነገር አታደርግም... ለሌላ ሲሆን ግን እሳትም ውስጥ ትገባለች።»

አሁን እናትየው በየቀኑ ገንዳ ይገባሉ። ለምን ሲባሉ «ውሻውን ላለማምደው ነዋ!» ይላሉ። ማንም አያርማቸውም።

ወገኖቼ፣ እኔ ብዙ አልተማርኩም። ይሄን ግን ተማርኩ። ዕድሜውን በሙሉ ሌላውን ሲያነሳ የኖረ ሰው ተራው ሲደርስ መነሳት ያፍራል። እንደዚህ ያለውን ሰው «ላንተ ነው» ብላችሁ አታስጨንቁት። ሰበብ ፈልጉለት። የሚወደውን ነገር አስቀድሙለት፣ እሱ ከኋላው ይመጣል። ደግሞ ወላጆቻችን እብድ ሲመስሉን አፈር ጭነን ከመምጣታችን በፊት እስቲ ጥቂት እንታገስ...

እናንተ ቤትስ «ለኔ አትልፉ» እያለ ራሱን የረሳ ማን አለ? ያለ ሰበብ የማይነሳው ሰው ማነው? ምንስ ሰበብ ትፈልጉለታላችሁ? እስቲ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ 🙏