ወሎ ሰፈር ላይ መርዶ ያስቆሙት ሰውዬ

«ነገ በጠዋት አፀደን እናረዳታለን... ማንም እንዳይቀር!»

ይሄን ያሉት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሽፈራው ናቸው። ድምፃቸው ተሰበረ።

ሱቁ ውስጥ ያለነው ሁሉ አንገታችንን ደፋን...

ከጥግ በኩል ግን አንድ ድምፅ መጣ።

«ሬሳውን በዓይኑ ያየ ማነው?»

ኡፍፍ... ጋሽ ኃይለኪሮስ! ዛሬም?!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ላውራችሁ።

ዘመኑ 1990 ዓ.ም. ነው። ፌስቡክ የለ፣ ቴሌግራም የለ... ኢሜይል ራሱ ብርቅ ነበር።

ሚስባህ የሚባል ነጋዴ ወሎ ሰፈር የኮምፒውተር ሱቅ ነበረው። እኔ የሱ ታይፒስት ነበርኩ።

ሚስባህ ናይሮቢ፣ ጅቡቲና ሰንዓ ካሉ ሐበሾች ጋር የኢሜይል ግሩፕ መሠረተ። በ83 ሠራዊቱ ሲበተን ስንቱ ድንበር ተሻግሮ እንደወጣ ቀርቷል። ግሩፑ ብዙም ሳይቆይ የጠፋ ሰው ማፈላለጊያ ሆነ።

የመጣውን መልእክት እያተምኩ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። ሰው ቆሞ ያነባል፣ መልሱን በቃሉ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ... አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል!

አፀደ ከሥራ ስትወጣ ሁሌ ወደኛ ትመጣለች። ባሏ እሸቴ ወታደር ነበር። ከሞያሌ ወዲያ ወሬው ጠፋ።

አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦

«በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ቀድሞኝ ይነሳል... ይሄ ልብ መቼ ነው የሚያርፈው?»

የዕለቱን መልእክቶች እንደገና አብሬያት አየሁ።

ጋሽ ኃይለኪሮስ ደግሞ ሌላ ናቸው። እዛ ሱቅ የሚመጣ ሁሉ የሚፈልገው ሰው አለው። እሳቸው ማንንም አይፈልጉም። ግን አይቀሩም!

ወሬ በመጣ ቁጥር «አይተህ ነው ሰምተህ? ከማን ሰማህ?» ይላሉ።

ሰዉ «ነገረኛ» አላቸው። ባስ ሲል «ጆሮ ጠቢ ናቸው» ተባለ።

«ሚስባህ፣ እኚህን ሰውዬ አስወጣልን» ያለም ነበር።

«እሳቸው ከወጡ ግሩፑ የወሬ ገበያ ይሆናል» አለ ሚስባህ።

የዛን ቀን ታዲያ «የሞያሌው ወታደር እሸቴ ናይሮቢ አርፏል» የሚል መልእክት ደረሰን። አፀደ ሳትመጣ ወረቀቱን ደበቅንና ጋሽ ሽፈራውን አስጠራናቸው።

ጋሽ ኃይለኪሮስ «ሬሳውን በዓይኑ ያየ ማነው?» ያሉት ያኔ ነው። ጋሽ ሽፈራው በንዴት ዞሩባቸው።

«አንተ ሰው፣ ፈጣሪን አትፈራም? ተጽፎ መጣ እኮ!»

«የተጻፈ ሁሉ ታይቷል ማለት ነው? መርዶ ቢዘገይም ይደርሳል... ከተነገረ በኋላ ግን አይመለስም።»

ሚስባህ ወደኔ ዞረ። «ጻፊ» አለኝ። «ማን አየ ብለሽ ጠይቂ።»

ጠየቅን።

መልእክቱን የላከው ሰው «ጓደኛዬ ነው የነገረኝ» አለ። ጓደኛው ከሌላ ሰው ሰምቷል። ያ ሌላው ደግሞ... ሰው ሲያወራ ሰምቶ ነው!

ናይሮቢ ነርስ የሆነች ቤዛዊት የምትባል የግሩፑ አባል ቀባሪዎቹን ራሷ ሄዳ አገኘቻቸው።

ሟቹ ፀጉራቸው የሸበተ ሽማግሌ ናቸው። የአፀደ ባል ግን ገና ጎልማሳ ነው!

የሞተው ሌላ እሸቴ ነበር...

ቀጥሎ ከሰንዓ አንዱ «ሞምባሳ ጋራዥ የሚሠራ እሸቴ አውቃለሁ» ብሎ ጻፈ። እልል ልንል አፋችንን ስንከፍት...

«ለሷ እንዳትነግሯት!» አሉ ጋሽ ኃይለኪሮስ። «ያልተጣራ የምሥራችም ሰው ይገድላል። እሱ ብቻ የሚያውቀው ነገር ይጠየቅ።»

ጋሽ ሽፈራው የአፀደና የእሸቴ ሠርግ ላይ ነበሩ። «ሙሽራዋ ምን ሆና ገባች? በሉት» አሉ።

የሞምባሳው ሰው መልሱን ላከ። «መኪናችን ጭቃ ያዘው። በእግሯ ገባች፣ ጫማዋን እኔ ይዤ።»

«እሱ ራሱ ነው!» አሉ ጋሽ ሽፈራው።

በማግስቱ እሸቴ ከሞምባሳ ደወለ። አፀደ የሚስባህን ስልክ አንስታ «እሸቴ?» አለች። አልቅሳ አስለቀሰችን።

ጋሽ ሽፈራው ወደ ጋሽ ኃይለኪሮስ ሄዱ።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ... ግን አንተ ማንን ነው የምትፈልገው?»

«ማንንም። የጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡና ነገሩን።

«በ80 ሰሜን ግንባር ተማረክሁ። በ83 ተለቅቄ ገርጂ ቤቴ ደረስኩ። ፂሜ አድጓል፣ ከስቻለሁ... ማንም አልለየኝም። አንዲት ጎረቤት 'ማንን ፈልገህ ነው?' አለችኝ። 'የኃይለኪሮስን ቤት' አልኳት። 'ውይ፣ እሱማ ሞተ! ተስካሩንም በላን። ሚስቱም አገባች' አለችኝ።»

ቀና ብለው ቀጠሉ...

«ያኔ ባለቤቴ ልጅ አዝላ ከግቢ ወጣች። ስትስቅ አየኋት። ይሄን ሳቅ እንዴት ልንጠቃት? ተመለስኩ። እስከዛሬ ትናፍቀኛለች። ስሜን ስትጠራኝ መስማት... እሱ ብቻ እንኳ ይናፍቀኛል።»

«ማነው እንዲህ የበደለህ?» አሉ ጋሽ ሽፈራው እያለቀሱ።

«እንዳንተ ያሉ ደግ ሰዎች ናቸው። አዝነው ነው ያረዷት። ሁሉም ሰምተው ነበር... ያየ ግን አልነበረም።»

ወዳጆቼ...

ግሩፕን የሚያፈርሰው ክፉ ሰው ብቻ አይደለም። ደግ ሰውም ሳያጣራ ሼር ሲያደርግ የሰው ትዳር ያፈርሳል። አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ሄዶ ይይ፣ አንዱ የሚያውቀውን ይጨምር... መተማመን የሚመጣው እንደዛ ነው። «ከየት ሰማህ?» እያለ የሚያሰለቻችሁን ሰው ከግሩፓችሁ አታስወጡት። ምን ከፍሎ እንደተማረው አታውቁም።

ጋሽ ኃይለኪሮስ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ያንን በር አላንኳኩም።

እናንተ በሳቸው ቦታ ብትሆኑ ታንኳኩ ነበር... ወይስ «እሷ በሰላም ትኑር» ብላችሁ ትመለሱ ነበር?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። አንድ በአንድ አነባለሁ።