ዕጣ የወጣላቸው ጉልበቶች

ዶክተር ኤስኪል ብራታንገር ለጉልበት ቁርጥማት የሚሆን አንድ ክኒን ሲያሳድድ ጸጉሩን ጨርሷል። ሚስቱም በዚሁ መሀል ጥላው ሄዳለች፤ መሄዷን ያወቀው ግን ዘግይቶ ነው ይባላል። ክኒኑን አይጥ ላይ ሞከረ፤ አይጦቹ ዘለሉ። ጥንቸል ላይ ሞከረ፤ ጥንቸሎቹም ዘለሉ። ጥንቸል ድሮስ መቼ ተቀምጦ ያውቃል የሚሉ ምቀኞች አልጠፉም። የቀረው የሰው ጉልበት ብቻ ነበር።

የሰው ጉልበት ፍለጋ ከኖርዌይ ደሴቶች ወደ አንዷ ተሻገረ። እዚያ ብርድና ጀልባ ጉልበቱን የጨረሱበት ጡረተኛ እንደ ልብ ነው። ሁሉም እሺ አሉት። በዚያች ደሴት አንዱ እሺ ካለ ሌላው እምቢ አይልም። የአንዱ ጣራ ሲያፈስ መንደሩ በደቦ ይወጣል፤ ጀልባ ዓሣ ይዞ ሲገባ ባሕር ያልወረደውም ድርሻውን አንጠልጥሎ ቤቱ ይገባል። ዶክተሩ ይህን አይቶ «እንዴት ያለ የዋህ ሕዝብ ነው!» አለ። ለሳይንስ የዋህ ሕዝብ ይመቸዋል።

በመንደሩ አዳራሽ ዋፍል የሚሉት ጣፋጭ ቂጣና ቡናማ አይብ ቀርቦ ሰዉ ሲሰበሰብ፣ ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

«ግማሻችሁ እውነተኛውን ክኒን ትወስዳላችሁ። ግማሻችሁ ደግሞ ከስኳር በቀር ምንም የሌለበትን ባዶ ክኒን። በመልክም በጣዕምም አንድ ናቸው። ለማን የትኛው እንደሚደርስ እኔም አላውቅ፣ ነርሷም አታውቅ።»

«መራጩ ታዲያ ማነው?» አሉ ኦድቫር የሚባሉት አንጋፋ ዓሣ አጥማጅ።

«ዕጣ ነው አባባ።»

«ይህችን ማግንሂልድን ዛሬ ደረጃውን በሸክም ነው ያወጣናት። እሷም በዕጣ?»

«እሳቸውም በዕጣ። ሳይንስ ፊት አይቶ አያደላም።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ዶክተሩ መተያየታቸውን ለራሱ የተሰጠ አድናቆት አድርጎ ተቀበለና ሌላ ዋፍል አነሣ።

ክኒን የምታድለው ነርስ ቶሩን ነበረች። የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ ያለው እሷ ዘንድ ነው። የደሴቲቱ ልጅ ናት፤ ማግንሂልድም አክስቷ ናቸው። ለያንዳንዱ ሰው ስሙ የተጻፈበትን ብልቃጥ ትሰጣለች፤ ክኒኑ ያለቀበት ብልቃጥም በጊዜው ይመለስላታል። ዶክተሩ እንዲህ ያለ ታዛዥ በሽተኛ በዕድሜው አላየም።

ከወራት በኋላ ማግንሂልድ የአዳራሹን ደረጃ ብቻቸውን ወጡ። ኦድቫር ጀልባቸውን ገፍተው አወጡ።

«እንዴት ነዎት?» አላቸው ዶክተሩ ኦድቫርን።

«ተሻለን።»

«የጠየቅሁት እርስዎን ነው።»

«አዎ፣ ተሻለን እኮ ነው የምልህ።»

የባላገር አነጋገር ነው ብሎ አለፈው። ከተማ ሲመለስ ለሽልማት ቀን ያስቀመጠውን ኮት አስተኮሰ።

ኮቱ ተተኩሶ ቀረ። ማን የትኛውን ክኒን እንደወሰደ የሚገለጥበት ቀን ሲደርስ፣ ወጪውን የቻለው የመድኃኒት ኩባንያ ኃላፊ፣ ፈገግታ የማታውቅ ሴት፣ አስጠርታ አረዳችው።

«እውነተኛውን የወሰዱት ተሽሏቸዋል።»

«አላልኳችሁም?»

«ባዶውን የወሰዱትም እኩል ተሽሏቸዋል። ከባዶ ክኒን የማይበልጥ መድኃኒት ነው የሠራኸው። ለዚህ ምክንያት ካላመጣህ ሥራው ይዘጋል።»

ዶክተሩ ምክንያት ለማግኘት ሩቅ አልሄደም። ቁልፉን የያዘው ማን ነው? የደሴቲቱ ልጅ ማን ናት? የማን አክስት ናቸው የዳኑት? በማግስቱ ቶሩንን አስጠራት።

«ብልቃጡን ለዋውጠሽ ለዘመዶችሽ ሁሉ እውነተኛውን አድለሻል!»

«እውነተኛው የትኛው እንደሆነ በምን አውቄ ዶክተር?»

«አክስትሽ ሲያነክሱ አላሳዘኑሽም?»

«አሳዝነውኛል። ብልቃጡን ግን አልለወጥኩም።»

«ከፊትሽ ያስታውቃል!»

ፊቷ ለማስረጃ በቂ ሆነና ቶሩን ከሥራ ተባረረች። ኩባንያው ግን ፊት አላየም፤ የራሱን ሰዎች ልኮ አስመረመረ። ቁልፉ አልተነካም። ብልቃጡም ሁሉ በየስሙ ለባለቤቱ ደርሷል። ኃላፊዋ የተረፈውን ክኒን አስቃጠለች፤ ሥራውም ተዘጋ። የሙያ ባልደረቦቹ ዶክተሩን «ባለ ስኳሩ» እያሉ ቡና ሲጠጡ ሳቁበት። ቶሩንን ግን ይቅርታ የጠየቃት የለም፤ ሳይንቲስት ቢሳሳትም በመርህ ነው የሚሳሳተው።

ዶክተር ኤስኪል ምርምሩን ትቶ ጡረታ ለመውጣት ወሰነ። ከዚያ በፊት ደሴቲቱን ሊሰናበት ሄደ። በልቡ ግን ማግንሂልድ የእህታቸውን ልጅ ሳያስቡት ያጋልጧታል የሚል ተስፋ ነበረው። ልቡ ተሰብሯል፤ እውነቱን ለመናገር ያሳዝን ነበር።

ማግንሂልድ በሩን የከፈቱለት ምርኩዝ ይዘው ነው።

«ክኒኑ ከቀረ ወዲህ የጉልበታችን ሕመም ተመለሰብን» አሉት። «ምን አጠፋንና ነው የከለከላችሁን?»

«እማማ፣ አሁን ምስጢርነቱ ቀርቷል፤ ልንገርዎት። ለርስዎ የደረሰዎት እኮ ባዶው ነበር።»

ባልቴቷ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከልባቸው ሳቁ።

«ደግሞ ለኔ ብቻ የሚባል ነገር ከየት መጣ ልጄ? ግማሹ ሰው ሲድን ግማሹ እያነከሰ ይቅር ያልን መሰለህ? ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ብልቃጡን ሁሉ ኦድቫር ቤት አንድ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገልብጠን፣ ደባልቀን፣ እኩል ነው የተካፈልነው።»