ከጤፍ ጆንያ የወጣ ባሕር

በመርካቶው እህል በረንዳ ሳይመዘን የሚሸጥ ጤፍ የሐምዱ ጤፍ ብቻ ነበር።

"ከኃይለየሱስ የመጣ ነው" ካለ ገዢው ጆንያውን አሸክሞ ይሄዳል። ኃይለየሱስ የደጀን ገበሬና ነጋዴ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የዓባይን በረሃ በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና እያሻገረ ማኛ ጤፍ ልኮለታል። ሐምዱ የወሎ እስላም፣ እሱ የጎጃም ክርስቲያን። በመካከላቸው ወረቀትም ዋስም አልነበረም።

ድንጋዩ መጀመሪያ የወጣው በ1951 ዓ.ም. ነው። ሐምዱ ለቤቱ ጤፍ ሊሰፍር አንድ ጆንያ ፈትቶ እጁን ቢሰድ ጠጣር ነገር ነካው። ጎትቶ ሲያወጣው እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ፣ መዳፍ የሚሞላ ድንጋይ ነው። ሊወረውረው ብሎ ተወው።

ከዓሱር ሶላት በኋላ ከመጋዘኑ ጀርባ ተቀምጦ በአሸዋና በውሃ ፈተገው። አፈሩ ሲለቅ ጥምዙ ብቅ አለ። በኑግ ዘይትና በቁራጭ ቆዳ ሲወለውለው ማር መሰለ። አስተማሪ የሆነ አንድ ደንበኛው አይቶ፣ "የባሕር እንስሳ ነበር፤ ቆይቶ ድንጋይ ሆነ። የዓባይ በረሃ ሰው ሳይፈጠር ባሕር ነበር" አለው።

ሐምዱ ባሕር አይቶ አያውቅም። ድንጋዩን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ሲያልፍ ሲያገድም ይዳብሰው ጀመር።

በመስከረም ኃይለየሱስ ለራጉኤል ንግሥ መጥቶ ሐምዱ ቤት ገባ። ድንጋዩን አንስቶ አገላበጠው።

"ይህን ምን ታደርግበታለህ?"

"ምንም። ያምራል።"

ኃይለየሱስ ወደ ቦታው መለሰውና ስለ ክረምቱ አወራ። ቃሉ ቁጥብ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየጭነቱ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ድንጋይ ይወጣ ጀመር። "የአውድማው ነገር ነው፤ አገሩ ድንጋያም ነው" አለ ሐምዱ። ጭነት በገባ ቁጥር ጆንያዎቹን በዘንግ እየወጋ ይፈትሻል፤ ድንጋይ ያለበትን ለቤቱ ያስቀራል። ይፈትጋል፣ ይወለውላል። በሦስት ዓመት አሥራ ዘጠኝ ደረሱ። ሚስቱ ሀጅራ መደርደሪያ አሠራችለት።

በሚያዝያ ሐምዱ ታሞ ሳምንት ተኛ፤ ያኔ የገባው ጭነት ሳይፈተሽ ተሸጠ። በተነሳ ማግስት እንጀራ ሻጯ እትዬ በለጥሻቸው በረንዳው ሙሉ ሰው ባለበት መጥታ አንድ ድንጋይ ፊቱ ላይ ጣለች።

"አንተ ሐምዱ! የምትነግደው እህል ነው ድንጋይ? ከጆንያው ሥር ነው ያገኘሁት!"

ሰው ሳቀ። ሐምዱ ድንጋዩን ሚዛን ላይ አኖረው። ሦስት ኪሎ ተኩል።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራለት። ኃይለየሱስ ድንጋይ መውደዱን አየ፤ ከዚያ ወዲህ አበዛው። ሞኝ አገኘና በጤፍ ፋንታ ድንጋይ እየከተተ ሲስቅበት ኖረ።

ሾፌሩን ሙደሲርን ጠርቶ አፋጠጠው።

"እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ" አለ ሙደሲር። "ብቻ ኃይለየሱስ ጭነት ሊነሳ ሁለት ቀን ሲቀረው በረሃ ይወርዳል። ባዶ ስልቻ ይዞ ይሄዳል፤ ሲመለስ ስልቻው ያጎብጠዋል።"

"በቃ! በቃ፣ ሰማሁ!"

"ሰውየውን ራሱን ጠይቀው እንጂ" አለች ሀጅራ።

"ሌባ ይጠየቃል?"

መዶሻ አመጣ። አሥራ ዘጠኙንም አንድ በአንድ አወረደና ደጃፉ ላይ ሰባበራቸው። ውስጣቸው እንደ ስኳር ያብለጨልጭ ነበር። ሦስት ዓመት ሲወለውላቸው ይህን አያውቅም ነበር። ሀጅራ ስብርባሪውን ጠረገች።

በነጋታው በረንዳውን ዞሮ ለነጋዴው ሁሉ ተናገረ። ወሬው ደጀን ከመድረሱ በፊት የተነሳው ጭነት መርካቶ ሲገባ የሚነካው ጠፋ። ትሬንታ ኳትሮው እንደተጫነ አራት ቀን ቆመ። በአምስተኛው ቀን ኃይለየሱስ ራሱ መጣ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሐምዱ የተዘረጋለትን እጅ አልጨበጠም።

"ወንድሜ ነው ብዬ ሳልመዝን ተቀበልኩት" አለ። "ልጆቼን አደራ የምለው ሰው ቢኖር እሱ ነበር። እሱ ግን በኪሎ ሸጠኝ!"

ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው ጋሼ ጠሃ ወደ ተከሳሹ ዞሩ።

"ኃይለየሱስ፣ ድንጋዩን የከተትከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

በረንዳው አጉረመረመ። ሐምዱ ዓይኑ እንባ ሞላ። ይክዳል ብሎ ተስፋ ማድረጉን ያወቀው ገና አሁን ነው።

"ሌላ የምትለው የለህም?"

"ይመዘን።"

ከመኪናው ላይ ጆንያዎች ወረዱ። ሐምዱ በዘንጉ ወጋ ወጋ አደረገና ሦስተኛው ላይ ቆመ። ፈታው። ክንዱን እስከ ብብቱ ሰዶ ድንጋይ መዘዘ፤ እስካሁን ካያቸው ሁሉ ትልቁን። ከፍ አድርጎ ለሰው አሳየ።

"አሁን ጤፉን ብቻ መዝኑልኝ! ከመቶው ኪሎ ምን ያህል እንደሚጎድል ይታይ!"

ጆንያው ባስኩላ ሚዛኑ ላይ ወጣ። መዛኙ ክብደቱን ገፋ፤ መለሰ፤ እንደገና ገፋ። ቀና ብሎ ሽማግሌዎቹን አየ።

"ጆንያውን ቀንሼ፣ ሙሉ መቶ ኪሎ" አለ።

"ሌላውን መዝን!" አለ ሐምዱ።

ሌላውም መቶ፤ ሦስተኛውም መቶ።

ኃይለየሱስ ጋቢውን አጣፍቶ ተነሳ።

"ድንጋዩ ምርቃት ነበር" አለ።