ለዶክተር ሞላልኝ አልስቅም

የዞኑን የስትሮክ ሕክምና ማዕከል ከከተማችን ነጥቆ ለጎረቤቶቻችን የሰጠው ዶክተር ሞላልኝ ነው። «መንገዶቹ ሁሉ የሚገናኙት እዚያ ነው» አለ። እኔ፣ ሳስነጥስ ሦስት ቀበሌ «ይማርህ» የሚለኝ ሰውዬ፣ በአደባባይ ላዋርደው ምዬ ነበር።

እሑድ ጠዋት ስለ ስትሮክ ሊያስተምር የእድራችን ስብሰባ ላይ መጣ። ገና አፉን ሲከፍት ተነሥቼ እስከ ሰባት ትውልዱ ወረድኩበት። ዛፍ ላይ ያለ ወፍ እንኳ ፀጥ አለ። ሰዉ ግን ይስቅ ጀመር።

«ጋሼ ዛሬ በጠዋቱ ቀማምሰዋል፤ ምላሳቸው ተሳስሯል» አለች አንዷ ከኋላ።

ጠላ በአፌ አልዞረም።

ሞላልኝ አልሳቀም። ትምህርቱን አቋርጦ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ጋሼ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉልኝ።»

«ለአንተ? ሞቼ ነው ቆሜ?»

«እሺ፣ ሁለቱንም እጅዎን ወደ ፊት ይዘርጉልኝ።»

በሰው ፊት መጫወቻ ሊያደርገኝ ነው። እጅ ካማረውማ ብዬ፣ በሬ በሚጥለው ጉልበቴ ሁለቱንም ወደ አንገቱ ሰደድኩ።

ቀኜ አንገቱን አነቀ። ግራዬ ከሱሪዬ ኪስ አጠገብ እንደተንጠለጠለ ቀረ።